ያልተፋቀው ቀለም

ፊውዝ የሚለውን ስም ያወጡለት ደንበኞቹ ናቸው። ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ ሳለ ቀድሞ የሚቃጠለው እሱ ነው ለማለት ነው። ስሙ ሲነሳ ይቆጣል፤ በተቆጣ ቁጥር ደግሞ ስሙ የበለጠ ይጣበቅበታል። የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ስለሆነ ፊት ለፊት እንዲህ ብዬ ጠርቼው አላውቅም፤ በልቤ ግን ከዚህ ሌላ ስም የለውም።

ሥራው የሞተር ሳይክል ኤሌክትሪክ ነው። ከቤተሰቡ ግቢ ጥግ በቆርቆሮ የተከለለች ክፍል አለችው። ግድግዳዋ ላይ የሽቦ ጥቅልሎች በየቀለማቸው ተሰቅለዋል፤ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሽቦ የሚያጣብቅበት ስታኞ ጠብ ጠብ እያለ ደርቆ ብርማ ኪንታሮት አብቅሏል። ደንበኛ ሲገባ ቀና ብሎ አያይም።

"ምን ሆነ?" ይላል።

"አይነሳም።"

"እሱ ነው የማይነሳው ወይስ አንተ ነህ ማስነሳት ያቃተህ?"

ከሁሉ በላይ የታወቀው ግን ባትሪ በመጥላት ነው። አሮጌ ሞተር ሳይክል ገፍቶ የመጣ ሁሉ አስቀድሞ ይህን ስብከት ይሰማል። "ባትሪ ምን ያደርግልሃል? ክብደቱን ትሸከማለህ፣ አሲዱ ሱሪህን ይበላዋል፣ ብርድ ሲመጣ ይሞትብሃል። ዲናሞዋ እኮ ስትዞር ታመነጫለች። ያመነጨችውን ትብላ። ስትቆም ትጹም።"

"ስትቆም መብራቷ ይጠፋላ?"

"ቆመህ መብራት ምን ያደርግልሃል? ልታነብ ነው?"

ነገሩን ለማያውቅ ሰው እንዲህ ነው። ሞተሩ ሲሽከረከር ዲናሞው ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ቀስ ሲል ትንሽ፣ ሲፈጥን ብዙ፣ አንዳንዴም ከልክ በላይ። ባትሪ ካለ ትርፉን ይውጠዋል። ባትሪ ከሌለ ግን ትርፉን የሚገታው ሬጉሌተር የሚባል የግማሽ መዳፍ ያህል ዕቃ ብቻ ነው። እሱም የሚያደርገው ትርፉን በሞተር ሳይክሉ አካል ብረት ላይ ማፍሰስ ነው። ከብረቱ ጋር ያለውን ይህን ግንኙነት የሙያው ሰዎች ማሳ ይሉታል። ማሳው ካልያዘ ትርፉ መሄጃ አጥቶ ያገኘውን ያፈነዳል። ፊውዝ ይህን ከማንም በላይ ያውቃል። "ቀለሙን ፋቁት! ብረት ከብረት እርቃኑን ካልተነካካ ማሳ አይባልም!" ብሎ በሰፈሩ መካኒኮች ላይ ሳይጮህ የዋለበትን ቀን አላስታውስም።

እሱ ራሱም ባትሪ የሌለው ሰው ነው እያልኩ አስብ ነበር። የመጣበትን ቁጣ እዚያው ያወጣዋል፤ ለነገ የሚያሳድረው የለም። ሰድቦህ ሳይውል ሳያድር ትከሻህ ላይ ተደግፎ ይስቃል። እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ጊዜ ንጹህ ሰው ይመስለናል፤ ቂም ስለማይዝ። ያወጣው ቁጣ የት እንደሚያርፍ ግን ማንም አይጠይቅም።

በዚያው ግቢ በሌላው ጥግ የሚሠራው ታናሹ በያጅ ነው። ሃምሳን አልፏል፣ ጢሙ ሸብቷል፤ ቤተሰቡ ግን እስካሁን ማሙሽ ነው የሚለው። የሰፈሩ ወጣቶች አክብሮት ለመጨመር ሲሉ "ጋሽ ማሙሽ" ይሉታል፤ ስሙ የሚያስቅ መሆኑ ከእንግዳ በቀር ለማንም አይታየውም። ማሙሽ አይጮህም። ሲከፋው ጭንብሉን ፊቱ ላይ ይጥልና አንድ የሚበየድ ብረት ይፈልጋል።

አባታቸው፣ ሁላችንም አባባ የምንላቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ በሞተር ሳይክል ደብዳቤ የሚያድሉ ፖስተኛ ነበሩ። መሥሪያ ቤቱ አሮጌዎቹን ሲያስወግድ የራሳቸውን ለምነው አስቀሩ። ከዚያ በኋላ ከቤቱ ጀርባ በሸራ ተሸፍና ዛገች። ባለፈው ጊዜ ታመው ከአልጋ ሲነሱ፣ ምሳ ላይ፣ ማንንም ሳያዩ፦

"ያቺን ሞተር አንድ ጊዜ ብወጣባት ደስ ይለኝ ነበር" አሉ።

"አይሰሙአትም እኮ አባባ!" አለች ባለቤቴ ጆሯቸው ላይ ጮኻ። አባባ ከጩኸት በታች የሆነ ነገር መስማት ካቆሙ ቆይተዋል።

"ጆሮዬ ባይሰማ መቀመጫዬ ይሰማታል" አሉ።

ወንድማማቾቹ ሸራውን ያነሱት በማግስቱ ነው።

እንደነበረች ሊመልሷት አልፈለጉም፤ ልትመለስም አትችልም ነበር። ማሙሽ የዛገውን ቆርጦ ጣለ፣ የነዳጅ መያዣዋን ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ አዲስ ሠራላት፣ ሁለት ሰው የሚይዝ ዝቅ ያለ ወንበር አበጀላት። ፊውዝ ባትሪ ስለማያስፈልግ የባትሪው ሳጥን ይነሳ አለ፤ ተነሳ። በባትሪው ፈንታ አውራ ጣት የምታህል፣ ለቅጽበት ያህል ብቻ ኤሌክትሪክ የምትይዝ ካፓሲተር ከወንበሩ ሥር አስቀመጠ። ሽቦው ሁሉ በብረት ቱቦው ውስጥ ተሰግስጎ ነው ያለፈው፤ ከውጭ ለሚያይ አንድ ክር እንኳ አይታይም። ሽቦውን ለማሳለፍ ማሙሽ ቱቦውን ይበሳል፣ ፊውዝ ከወዲያ ጫፍ በቀጭን ሽቦ ይስባል፤ "ልቀቅ!" "ያዝ!" "ልቀቅ አልኩህ፣ አትሰማም እንዴ!" "ለቅቄያለሁ ጋሼ።" በዚያ ሰሞን ግቢው ውስጥ የነበረው ድምፅ ይኸው ነው፤ ሳስበው ደስታ ነበር።

ቀለሙ ግን የማሙሽ ብቻ ነበር። ከድሮው ወንበር ሥር ፀሐይ ያልነካው የጥፍር ያህል ጥቁር አረንጓዴ አገኘ። ያንን ለማምጣት ስንት ጊዜ እንደቀየጠ እሱ ነው የሚያውቀው። ይቀባል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፣ እንደገና ይቀባል። ሲጨርስ የጎረቤት ሰው ፊቱን ሊያይበት ጎንበስ ይል ነበር። አባባ በመዳፋቸው ዳበሱትና "ይሄ ነው" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ማሙሽ ያን ዕለት ሥራ አልሠራም፤ ዝም ብሎ ግቢውን ሲዞር ዋለ።

ከዚህ ቀጥሎ ያለውን በኋላ ፊውዝ ራሱ ነው የነገረኝ። ሬጉሌተሩን የሚያስርበት ጊዜ ደረሰ። ቦታው ከወንበሩ ሥር ነው፤ ማንም አያየውም። ቢላውን አውጥቶ ቀለሙ ላይ አሳረፈ። ከዚያ መልሶ አነሳው። ወንድሙ ግቢውን ሲዞር ትዝ አለው። "ብሎኑ ይይዘዋል" ብሎ ለራሱ ተናገረ፣ አሰረው፣ ወንበሩን ገጠመ። ዕድሜውን ሙሉ ሰውን ሲሰድብበት የኖረውን ስህተት በገዛ እጁ ሠራ፤ ያሠራው ደግሞ ስንፍና አልነበረም።

ግቢ ውስጥ ሲያስነሳት ሁሉ ነገር ደህና ነበር። ቀስ ብላ ስትዞር የምታመነጨው ትንሽ ስለሆነ መብራቷ ለስላሳ ሆኖ በራ። በመጨረሻ የአባባ ጉልበት እንደማይታጠፍ ስለታወቀ ማሙሽ ዝቅ ያለ እግር መርገጫ ሊበይድላቸው ፈለገ።

"ሽቦህን ልንቀለው ወይስ ልበይድ?" ብሎ ጠየቀ፤ እኔም ነበርኩ።

"በየድ፣ በየድ። የብየዳህን ማሳ ብቻ ከምትበይደው አጠገብ ያዝ" አለው ፊውዝ።

የታሰበው ቀን አመሻሽ ላይ አባባ የድሮ የፖስታ ቤት ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። እግራቸውን በማሙሽ መርገጫ ላይ አኖሩ፤ እጃቸውን በፊውዝ ወገብ ላይ አሳለፉ። እኛ በር ላይ ቆምን። ከፊት ለፊት ያለችው ሻይ ቤት ደንበኞች ብርጭቆአቸውን ይዘው ወጡ። ፊውዝ ረገጠ፣ ተነሳች፤ አባባ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ሜዳውን በቀስታ ሄዱ። ዳገቱ ሲጀምር ፊውዝ ጋዝ ሰጠ። የፊቱ መብራት ነጣ፤ የሚያምር ንጣት ነበር፤ "አቤት ብርሃን!" ያለ ሰው ሁሉ ነበር። ከዚያ የኋላው ቀይ መብራት ብልጭ ብሎ ጠፋ፣ የፊቱ ተከተለ፣ ከወንበሩ ሥር አንድ ነገር እንደ ርችት ፈነዳና ሞተር ሳይክሏ ጭስ ውስጥ ቆመች።

ቀድሞ የደረሰው ማሙሽ ነው። አባቱን እንደ ሕፃን አቅፎ አወረዳቸው። የካፖርታቸው ጫፍ ይጨሳል፤ በእጁ አሽቶ አጠፋው። አባባ ምንም አልሆኑም፤ ከንፈራቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ፊውዝ ይህን ሲያይ ነው የተቃጠለው።

"መጨረሻ ላይ ማነው የበየደባት?" አለ። "ሬጉሌተሬን በብየዳ ጠብሰህ አባቴን ልትገድልብኝ ነው?"

"ማሳውን እዚያው አጠገቡ ነው የያዝኩት፣ ጋሼ" አለ ማሙሽ።

"ይዘኸው ነው እንዲህ የሆነው? አንተ መቼ ነው አንድ ነገር በደንብ ይዘህ የምታውቀው? በየድ ያልኩህ እንደ ሰው እንድትበይድ ነው!"

አባባ የሚሰሙት የሚጮኸውን ነው። ማሙሽ ደግሞ አይጮህም። ስለዚህ ጆሯቸው የገባው የአንዱ ወገን ብቻ ነበር።

"ድሮም አንተ የነካኸው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል!" አሉ ለማሙሽ፣ ጆሮ የከዳው ሰው በሚናገርበት ከፍተኛ ድምፅ። "ታላቅህን ስማው እያልኩህ! ሁለተኛ ይቺን ሞተር እንዳትነካት!"

ማሙሽ ክንዳቸውን እንደያዘ ነበር። ጣቶቹን አንድ በአንድ አላቀቀና፣ ባለቤቴ እስክትይዛቸው ጠብቆ፣ ወደ ግቢ ተመለሰ። የሻይ ቤቱ ሰዎች ብርጭቆአቸውን ያዩ ነበር።

በማግስቱ የብየዳ ማሽኑን ጋሪ ላይ ሲጭን ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመችበት።

"ወዴት ነው?"

"እንጨት ቤቶቹ ጋ ቦታ አግኝቻለሁ።"

"በአንድ ቃል ግቢ ይለቀቃል እንዴ?"

"በአንድ ቃል አይደለም፣ እትዬ" አለና ገመዱን አጠበቀ።

ፊውዝ ከቆርቆሮው ክፍል አልወጣም። ሞተር ሳይክሏን ፈትቷት ነበር። ወንበሩን አንስቶ ሬጉሌተሩን ሲያላቅቀው ሥሩ ያለው ጥቁር አረንጓዴ እንደ መስታወት ሆኖ ጠበቀው። አንዲት ጭረት የለበትም። ከማላቀቁ በፊት ማሳውን ከሬጉሌተሩ አካል ላይ በመሞከሪያ አምፖል ለክቶ ነበር፤ አልበራም። ብሎኑን ቢያየው ጥርሶቹ እንኳ በቀለም ተሞልተዋል። ግቢ ውስጥ የያዘው በዕድል ነበር፤ ዳገቱ ላይ ለቀቀው። የማሙሽ ብየዳ ከነገሩ ጋር ምንም ግንኙነት አልነበረውም።

የዚያን ጊዜ ፊውዝ ዕድሜውን ሙሉ የማያውቀው ነገር ገጠመው፦ ወዲያው ሊያወጣው የማይችለው ነገር። ቁጣ ቢሆን ይጮህ ነበር። ኀፍረት ግን አይጮህም። ያድራል፣ ይከርማል፣ ቦታ ይይዛል። ሬጉሌተሩን በጨርቅ ሸፈነው፤ ሰው ሲገባ ሁለተኛ ጨርቅ ጨመረበት።

ፊውዝ አንድ ነገር እንደሆነ ሰፈሩ ያወቀው በጨዋነቱ ነው። ባለ ሻይ ቤቷ ሮጣ መጣች።

"ወንድምሽን ሐኪም አሳይተሽዋል?" አለቻት ባለቤቴን።

"ምን ሆነ?"

"እንዴት አደርሽ አለኝ።"

"እና?"

"ቆመ እኮ! መልሱን ሊሰማ!"

ለደንበኛም እንዲሁ ሆነ። "አይነሳም" ያለው ሰው "እንይዋ" የሚል መልስ ሲሰማ ሞተሩን ይዞ ሊሄድ ምንም አልቀረውም። ሻይ ቤቷ ግን አይገባም ነበር። በር ላይ ካሉት ወንበሮች ዳገቱ ይታያል፤ ሰዎቹም የዚያን ዕለት የነበሩት ናቸው።

ቀለሙን ፋቀው። አዲስ ሬጉሌተርና ካፓሲተር አሰረ፣ አምፖሎቹን ቀየረ፣ የተቃጠለውን ሽቦ ከቱቦው ውስጥ ስቦ አወጣና ብቻውን ሌላ አሳለፈ። ከወዲያ ጫፍ የሚይዝለት ስላልነበረ አንድ ረፋድ ሙሉ ፈጀበት። ሞተር ሳይክሏ ተነሳች፤ ጋዝ ሰጥቶ አስጮሃት፤ መብራቷ ፍንክች አላለም። ወንበሩ ሲገጠም የተፋቀው ቦታ ከእይታ ተሰወረ። ካሁን በኋላ የሚያውቅ ሰው አይኖርም ነበር፤ ፈተናውም ይኸው ነበር።

ያን ሰሞን በረንዳችን ላይ መጥቶ ከእኔ ከአስተማሪው አማቹ አጠገብ ተቀመጠ።

"መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ያበላሸውን ነገር ራሱ መልሶ ካበጀው፣ ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃል አይደል?"

እንዲህ ያለ ጥያቄ የምወድ ሰው ነኝ። "እንደሚበላሸው ነገር ነው" ብዬ ጀመርኩ። "ዕቃ ከሆነ፣ የዕቃው መበላሸት ከዕቃው አያልፍም። በሰዎች መካከል ያለ ነገር ከሆነ ግን…"

"ምን አበላሸህ?" አለች ባለቤቴ በመስኮት፣ ካውያዋን እንደያዘች።

"ማን፣ እኔ? እንዲሁ ነው እትዬ።"

"ያንተን እንዲሁ አውቀዋለሁ። ማሙሽን ይመለከታል?"

ፊውዝ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሳ። ባለቤቴ ካውያውን አሳረፈችና "ይሄ ልጅ ውሸታም አልነበረም" አለች። ልጅ የምትለው ስልሳ ዓመት የሞላውን ሰው ነው። እሷ ያለችው እውነት ነው፤ ሲጮህ አልዋሸም ነበር፤ የጮኸውን አምኖ ነው። ውሸቱ የጀመረው ሬጉሌተሩን በጨርቅ ከሸፈነበት ሰዓት ወዲህ ነው፣ አንዲት ቃል ሳይናገር። ሰው ዝም ብሎ ምን ያህል ሊዋሽ እንደሚችል ነገሩን ከሰማሁ በኋላ ብዙ አሰብኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን፣ የተሰበረ የሞተር ሳይክል መቆሚያ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ እንጨት ቤቶቹ ጋ አብሬው እንድሄድ ለመነኝ። መንገዱን አላውቀውም አለኝ። እዚያው ተወልዶ ያደገበት ሰፈር ነው። አብሬው ሄድኩ፤ ሰው ማፈሩን ብቻውን ተሸክሞ ሲሄድ ማየት ከባድ ነው።

የማሙሽ አዲስ ቦታ በሁለት የጣውላ ክምር መካከል ያለች ጠባብ ጥላ ነች። መጋዝ ያለማቋረጥ ይጮሃል፤ ብናኙ ትከሻው ላይ ተኝቷል። ብድግ ብሎ ተቀበለን፣ ለእኔ ግንድ አንከባሎ አመጣ። ለወንድሙ "ደህና ነህ ጋሼ?" አለው፤ ዓይኑን ግን ጋዜጣው ላይ አደረገ።

"ተሰብሮብኝ ነው" አለ ፊውዝ።

ማሙሽ ፈትቶ አገላበጠው። "ይሄ ዕቃ ሲያረጅ የሚሰበረው እዚህ መታጠፊያው ላይ ነው" አለ። "ይሄ መሐሉ ላይ ነው የተሰበረው። በመዶሻ ተመትቷል።" ቀና አለ። "ለምን ሰበርከው፣ ጋሼ?"

ፊውዝ ወደ ጣውላዎቹ ዞረ።

"ሌላ መምጫ አጣሁ" አለ።

ማሙሽ ጭንብሉን ፊቱ ላይ ጣለና መበየድ ጀመረ። ብየዳ ሲበራ ሁሉም ፊቱን ያዞራል፤ እኔ ወደ መንገዱ፣ ፊውዝ ወደ ጣውላው። ማንም የማንንም ፊት ማየት በማይችልበት በዚያ ሰዓት ነው ፊውዝ የተናገረው።

"ቀለሙን አልፋቅኩትም ነበር።"

ብርሃኑ ጠፋ። ማሙሽ ጭንብሉን አላነሳም።

"አውቃለሁ" አለ ከውስጥ።

"ከየት?"

"ነገሩ ካለፈ በኋላ ሳስበው ነው፤ ብትፍቀው ኖሮ ዳር ዳሩን አስተካክልልኝ ብለህ ትጮህብኝ ነበር። የቀለም ጣሳውን አልጠየቅከኝም።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርክም?"

"ለማን? አባባ የኔን ድምፅ መቼ ሰምተውት ያውቃሉ?"

"እኔ ግን… መፋቂያው ቢላ እጄ ላይ ነበር እኮ። ቀለሙ አሳዘነኝ።"

ማሙሽ ያን ጊዜ ጭንብሉን አነሳው። ዓይኑ ቀልቷል፤ በብየዳው ይሁን በሌላ አላውቅም። "ለቀለሙ አዝነህ ለኔ ሳታዝን ቀረህ" አለ፤ በቁጣ አልነበረም፤ አንድን ነገር ለክቶ እንደሚናገር ሰው ነው። ቀጥሎም "እኔን ተወኝ፣ ለምጄዋለሁ። እሳቸው ግን እንደዚያ እንዳሰቡኝ ቢሞቱ…" አለና መቆሚያውን በጨርቅ ይዞ አቀበለው። "ትኩስ ነው፣ ተጠንቀቅ።"

ስንመለስ ፊውዝ ብረቱን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እያቀያየረ፣ እስኪበርድ ድረስ ተሸክሞት ሄደ።

አባባ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ። በማግስቱ ፊውዝ መጥቶ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ።

"ቤት እንግባ አባባ!"

"ምን?"

"ቤት ውስጥ የምነግርዎት ነገር አለ!"

"ፀሐይዋን ትቼ የት እገባለሁ? እዚሁ ንገረኝ።"

ፊውዝ ዞር ብሎ ሻይ ቤቷን አየ። ሰው ሞልቷል። በጆሯቸው ሊያንሾካሹክ ሞከረ፤ እንደማይሆን እሱም ያውቀዋል።

"ስለ ሞተሯ ነው!"

"ምን ሆነች?"

"ጥፋቱ የኔ ነው!"

"የማን?"

"የኔ! የኔ ነው ጥፋቱ!"

ከሻይ ቤቷ የማንኪያ ድምፅ ጠፋ። ፊውዝ ዕድሜውን ሙሉ በዚህ መንገድ ላይ ጮኋል፤ እንዲህ ሲጮህ ግን ማንም ሰምቶት አያውቅም። ጉልበቱን ይዞ፣ አንገቱ እስኪገታተር፣ አንድ በአንድ ጮኸው። "ቀለም መፋቅ ነበረብኝ! አልፋቅኩም! የማሙሽ ብየዳ ደህና ነው! ማሳውን ይዞ ነበር! እኔ ነኝ ሳላጣራ ስሙን ያጠፋሁት! ካወቅኩም በኋላ ዝም ብያለሁ!" የመጨረሻዋን ሲናገር ድምፁ ተሰነጠቀ፤ አባባ እጃቸውን ጆሯቸው ላይ አድርገው "ምን?" አሉ፤ ደገመላቸው።

አባባ የካፖርታቸውን የተቃጠለ ጫፍ በጣታቸው ዳበሱ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞረው "ማሙሽን ጥሪልኝ" አሉ።

ማሙሽ ብናኙን እንኳ ሳያራግፍ መጣ።

"ሞተሯ ትሠራለች?" አሉ አባባ።

"ትሠራለች!" አለ ፊውዝ።

"እሱ ይንዳኝ።"

መብራቱ ገና ሳያስፈልግ ማሙሽ አበራው። አባባ እግራቸውን መርገጫው ላይ አኖሩ፣ ወገቡን ያዙ። ሜዳውን አለፉ፤ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ሲጮህ ፊውዝ አላየም፤ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቶ የግቢውን ግንብ ያይ ነበር። ድምፁ ከዳገቱ ማዶ ጠፋ። ባለ ሻይ ቤቷ አንድ ብርጭቆ ሻይ አምጥታ እጁ ውስጥ አስገባችለት፤ እንደያዘው ቆመ፣ አልጠጣውም። ሲመለሱ መጀመሪያ የታየው መብራቱ ነው፤ ቁልቁል ጋዝ ሲለቀቅ ቢጫ እየሆነ፣ እንደ ልማዱ፣ ግን ሳይጠፋ።

አባባ ወረዱ። ፊታቸው ነፋስ መትቶት ቀልቷል።

"የኋላ ፍሬኗ ላላ ብሏል" አሉ በመጀመሪያ። ከዚያ ፊውዝን አዩት። "እስቲ ቅድም ያልከኝን ድገመው።"

"ሰምተውኛል እኮ አባባ!"

"እኔ ሰምቻለሁ። እሱ አልነበረም።"

"ለሱ ነግሬዋለሁ!"

"እኔ ፊት አልነገርከውም። የኔም የምለው አለ፤ መጀመሪያ ግን አንተ።"

ፊውዝ ብርጭቆውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወደ ወንድሙ ዞረና፣ በክንድ ርቀት ላይ ቆሞ ሳለ፣ "ጥፋቱ የኔ ነው!" ብሎ ጮኸ።

"ቀስ በል ጋሼ" አለ ማሙሽ። "እኔ እኮ እሰማለሁ።"

ፊውዝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ።